በለምለም አገር የተራበ ሰው

በሆሳዕናና በዱራሜ ዙሪያ ለእርዳታ የሚመዘገብን ገበሬ ከረሃቡ ሌላ የሚፈታተነው የመንገደኛ ዓይን ነው። አገሩ ለምለም ነው፤ በየጓሮው እንሰት ቆሟል። በ2000 ዓ.ም. የበልግ ዝናብ ቀርቶ ሕፃናት ሲከሱ ችግሩ «አረንጓዴ ረሃብ» የተባለው ስለዚህ ነበር። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ሳይደርስ የቆረጠው ሰው የከርሞውን ምግብ እንደበላ ግን ከመንገድ ዳር አይታይም።

ጥርጣሬው በመመሪያም ሰፍሯል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአደጋ መከላከል ፖሊሲ መሥራት የሚችል ሰው ያለ ሥራ እርዳታ እንዳይቀበል ደነገገ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔትም ይህንኑ ወረሰ፦ ከአረጋውያን፣ ከሕሙማንና ከነፍሰ ጡሮች በቀር ቤተሰቡ ለአንድ ተረጂ በወር አምስት ቀን እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል።

ያንኑ እርከን ተቋራጭ ቢሠራው ውል ይዋዋሉለት፣ ልኬት ይያዝለት፣ ሒሳብ ይከፈለው ነበር። ገበሬው በዶማና በአካፋ ሲሠራው ግን ክፍያው «እርዳታ»፣ ሠራተኛውም «ተረጂ» ተባለ። ከመዝገብ ሲወጣ ደግሞ «ተመረቀ» ይባላል፤ የጓሮው እንሰት ደረሰም አልደረሰ።