የሕፃን የመጀመሪያ መጽሐፍ

ለሕፃን የሚሰጥ ምግብ በዕድሜው እንደሚመጠን፥ ለሕፃን የሚሰጥ መጽሐፍም በልቡናው ሊመጠን ይገባል። ይህን የማይቀበል አባት የለም። ነገር ግን የትኛው መጽሐፍ ይቅደም፥ የትኛውስ ይከተል በተባለ ጊዜ አሳብ ይለያያል፤ አንዱ ወፍራሙን፥ አንዱ ሥዕል የበዛበትን፥ ሌላው ከባሕር ማዶ የመጣውን ይመርጣል። የኢትዮጵያ የንባብ ቤት መምህራን ግን በዚህ ነገር ከብዙ ዘመን በፊት ቆርጠው ነበር። ውሳኔያቸውንም ያኖሩት በምክር ቃል አይደለም፤ መጻሕፍትን በተራ አሰልፈው ሥርዓት በማድረግ ነው። የዚያ ሥርዓት ጥቅሙም ጉድለቱም ዛሬ ለልጁ መጽሐፍ ለሚመርጥ ሰው ትምህርት አለው።

ይህን ነገር ለመመልከት የጎንደር ቁስቋም የሚስማማ ስፍራ ነው። በ1723 ዓ.ም ዐፄ በካፋ ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበሩ። ዘውዱ በሕፃኑ ራስ ላይ ሲቀመጥ የመንግሥቱ ሸክም በእናታቸው በእቴጌ ምንትዋብ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ በዚያው ዓመት እቴጌይቱም ዘውድ ጭነው ብርሃን ሞገስ ተባሉ። ኋላም ከከተማው በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለው ከፍታ ላይ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠርተው ስፍራውን ደብረ ፀሐይ ቁስቋም አሰኙት። ቁስቋም በግብፅ አገር ያለ ተራራ ስም ነው፤ እመቤታችን ከሄሮድስ ሰይፍ ሸሽታ ሕፃኑን ይዛ ያረፈችበት ስለ ሆነ በዓሉ ኅዳር 6 ቀን ይከበራል። ሕፃን ንጉሥ ያሳደጉ እናት ለደብራቸው ሕፃን የተጠለለበትን ተራራ ስም መምረጣቸው ለሚያስተውለው ሰው ልብን የሚነካ ነገር ነው።

ጎንደር በዚያ ዘመን የነገሥታት መቀመጫ ብቻ አልነበረችም፤ የጉባኤ ከተማም ነበረች። ሕዝቡ «አርባ አራቱ ታቦት» እያለ በሚጠራቸው አድባራትዋ አጠገብ የዜማው፥ የቅኔው፥ የአቋቋሙና የመጽሐፉ መምህራን ጉባኤ ዘርግተው ያስተምሩ ነበር። የእነዚህ ሁሉ ሊቃውንት መነሻ ግን አንድ ነው፤ በዛፍ ጥላ ወይም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ተቀምጦ ፊደል የሚቆጥር ሕፃን ነው።

ለዚህ ሕፃን የመጀመሪያው ንባብ የፊደል ገበታ ነው። የግዕዙ 26 ፊደላት እያንዳንዳቸው ሰባት ሰባት መልክ ስላላቸው 182 ይሆናሉ፤ አማርኛ የጨመራቸው ሰባቱ ሲታከሉ 33ቱ ፊደላት 231 መልክ ይኖራቸዋል። ልጁ ይህን ሁሉ ከሀ እስከ ፐ በዜማ ሲያሰማ አባትና እናት «ልጃችን ፊደል ለየ» ብለው ደስ ይላቸዋል። መምህሩ ግን አይታለሉም፤ ጆሮ የያዘውን ሁሉ ዓይን እንዳልያዘው ያውቃሉና። ከመካከል አንዱን ፊደል በስንደዶ ጠቁመው «ይህ ማን ነው?» ባሉ ጊዜ፥ ያ በዜማ ሲፈስ የነበረ ልጅ ቀጥ ይላል።

አቡጊዳ የሚመጣው ለዚህ ነው። አቡጊዳ አዲስ ፊደል አይደለም፤ ያንኑ ፊደል አፈራርሶ በሌላ ተራ የሚያቆም ነው። አ ከግዕዝ፥ ቡ ከካዕብ፥ ጊ ከሣልስ፥ ዳ ከራብዕ፥ ሄ ከኃምስ፥ ው ከሳድስ፥ ዞ ከሳብዕ ይወሰዳል። ተራውም የአበገደ ተራ ስለ ሆነ ከዕብራይስጥና ከጽርዕ ፊደል ጋር ይዛመዳል። በሀሁ የተሸመደደው ዜማ በዚህ ጊዜ ልጁን አይረዳውም፤ ፊደሉን በመልኩ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። የቋንቋ ሊቁ ፒተር ዳንኤልስ በ1990 እ.ኤ.አ. እንደ ግዕዝ ያለውን የጽሕፈት ዓይነት በጠቅላላ «አቡጊዳ» ብሎ ስለ ሰየመ ቃሉ ዛሬ በሌላውም ዓለም ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። በዚያ የጽሕፈት ስም ከመሆኑ አስቀድሞ ግን በኢትዮጵያ የሕፃናት መፈተኛ ነበረ። ፈተናውን ያለፈ ልጅም የሚያውቀውን ማወቁን ያውቃል፤ ይህም የድፍረት መጀመሪያ ነው።

ከአቡጊዳ ቀጥሎ የሚሰጠው «ፊደለ ሐዋርያ» የሚባለው ነው፤ ይኸውም የሐዋርያው የዮሐንስ አንደኛ መልእክት ነው። ከመጻሕፍት ሁሉ ስለ ምን ይህ ተመረጠ? ኦሪት ዘፍጥረት የነገር ሁሉ መጀመሪያ ነው፤ የማቴዎስ ወንጌልም የሐዲስ ኪዳን በር ነው፤ እነርሱ ግን አልቀደሙም። መልእክቱን ላስተዋለ ሰው ምክንያቱ ከራሱ ከመልእክቱ ይገለጣል። አምስት ምዕራፍ ብቻ ስለ ሆነ ሕፃን ጀምሮ ይጨርሰዋል። ብርሃን፥ ፍቅር፥ ማወቅ፥ መኖር የሚሉት ጥቂት ቃላት እየተመላለሱ ስለሚመጡ፥ በመጀመሪያው ገጽ ያስጨነቀው ቃል በሦስተኛው ገጽ እንደ ቀድሞ ወዳጅ ሆኖ ይገናኘዋል። ደግሞም ጸሐፊው አንባቢዎቹን ደጋግሞ «ልጆች» እያለ ይጠራቸዋል፤ ስለዚህ መጽሐፉ ለትልልቆች የተጻፈ ሆኖ ሳለ ሕፃኑን እንግዳ አያደርገውም።

በብዙ ስፍራ ከዚህ በኋላ የሚከተለው 21 ምዕራፍ ያለው የዮሐንስ ወንጌል ነው። ቃሉ የቀደመው መልእክት ቃል ስለ ሆነ፥ መንገዱ ቢረዝምም አገሩ የታወቀ ነው። በመጨረሻው ከመዝሙራቱ ጋር ጸሎተ ነቢያትንና መሓልየ መሓልይን፥ ውዳሴ ማርያምንም የሚይዘው ዳዊት ይመጣል። አነባበቡም ራሱ ደረጃ አለው፤ ፊደሉን አንድ በአንድ ከመቁጠር ወደ ግዕዝ ንባብ፥ ከግዕዝ ወደ ውርድ ንባብ፥ ከውርድ ወደ ቁም ንባብ ይሄዳል። አቡጊዳን የጨረሰው ልጅ ሀሁ የጀመረውን ያስቆጥራል፤ በጠዋት ተማሪ የነበረው በቀትር አስተማሪ ይሆናል። ዳዊት በተፈጸመ ጊዜ ወላጆች ድግስ ደግሰው መምህሩን ያከብራሉ፤ ልጁም በአገሩ ሰው ፊት የተቆጠረ ሰው ይሆናል።

ይህ አሳብ በንባብ ቤት ብቻ አላበቃም፤ ወደ ቅኔ ቤትም ዘልቋል። ለጀማሪ የቅኔ ተማሪ መወድስ አይሰጠውም። መጀመሪያ ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና ይቈጥራል፤ ከዚያም ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። ጉባኤ ቃና ታናሽ ነው እንጂ ጐደሎ አይደለም፤ ሰምም ወርቅም አለው፥ መጀመሪያም መጨረሻም አለው። የቀደሙት መምህራን ለጀማሪ የሰጡት ከትልቅ ነገር የተቈረሰ ፍርፋሪ ሳይሆን ሙሉ የሆነ ትንሽ ነገር ነው። ምርጫቸው የሚመሰገነው በዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ጉድለቱን መሸፈን ሥርዓቱን ማክበር አይደለም። ሕፃኑ የሚያነበው በግዕዝ ነው፤ ግዕዝ ግን የአፉ ቋንቋ አይደለም። 150ውን መዝሙር አሳምሮ የሚያነብ ልጅ የአንዱን መዝሙር ትርጉም ቢጠይቁት ዝም የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። እርሱ ራሱ የጠየቀ እንደ ሆነ «ኋላ ታውቀዋለህ» ይባላል። ያ ኋላ ለጥቂቶች ደረሰ፤ ለብዙዎቹ ግን ሳይደርስ እርሻው፥ ንግዱ፥ ዘመቻው ወሰዳቸው። ሥርዓቱ ድፍረትን በጊዜው ሰጥቶ ጥያቄን ግን ወደ ሩቅ ቀጠሮ አስተላለፈ።

ቀጠሮው ለደረሰለት ተማሪ በጎንደር የሚጠብቀው ማዕድ የሚያስደንቅ ነበር። በመጽሐፍ ቤት ብሉይ፥ ሐዲስ፥ ሊቃውንት፥ መነኮሳት ተብለው በአራት ጉባኤ የሚከፈሉት መጻሕፍት በግዕዝ እየተነበቡ በአማርኛ ይተረጐማሉ። ጉባኤውም ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ሁለት መንገድ አለው፤ የታች ቤቱ ትርጓሜ ከመምህር ኤስድሮስ ስም ጋር ተያይዞ ይጠራል። መምህሩ አንዱን ምሥጢር ከተናገሩ በኋላ «አንድም» ብለው ሁለተኛውን፥ ደግመው «አንድም» ብለው ሦስተኛውን ያመጣሉ። ይህች አጭር ቃል የጥያቄ እናት ናት፤ አንድ ነገር ሌላ ፊት ሊኖረው እንደሚችል የተማረ ሰው መጠየቅን አይፈራምና። መብሉ መልካም ነበር፤ ጉዳቱ በማዕዱ መጨረሻ ብቻ መቅረቡ ነው።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የመጽሐፍ እጦት ነበር። የብራና መጽሐፍ ቆዳ ፍቆ፥ ቀለም በጥብጦ በእጅ የሚጻፍ ስለ ሆነ ለሕፃን ተብሎ የሚዘጋጅ መጽሐፍ አልተገኘም፤ ሕፃኑ በቤተ ክርስቲያን ያለውን ይማር ነበር። የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት በዮሐንስ ፖትከን አማካይነት በ1513 እ.ኤ.አ. በሮም ታትሟል፤ በማተሚያ የወጣ የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍም እርሱ ነው፤ ነገር ግን የማተሚያ ሥራ በአገር ውስጥ እስኪጸና ድረስ ከዚያ በኋላ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። በ20ኛው ምእት ዓመት ነገሩ ተለወጠ። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ የፊደሉን ገበታ፥ አቡጊዳውንና ፊደለ ሐዋርያውን እያተሙ በየአገሩ ስላሠራጩ፥ የድኻ ልጅም የራሱ ገበታ ሊኖረው ቻለ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910 ዓ.ም «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» የተባለውን መጽሐፍ በአማርኛ አወጡ። ከጠላት ወረራ በኋላም የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በየትምህርት ቤቱ ገባ፤ እንስሳት የሚነጋገሩበትን ምሳሌ በአማርኛ ግጥም ያነበበ ልጅ፥ ሳቁንም ምክሩንም ያለ አስተርጓሚ አገኘ። «ኋላ ታውቀዋለህ» የሚለው ቃል ያን ጊዜ ኃይሉን አጣ።

በሌላ ወገን ደግሞ አዲስ ፈተና መጣ። በአዲስ አበባ በተከፈተው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የባዕድ ቋንቋ፥ ይልቁንም ፈረንሳይኛ፥ ትልቅ ስፍራ ነበረው። የባዕድ ቋንቋ መማር በጎ ነው። ነገር ግን ገና በአፉ ቋንቋ ያልጠየቀ ሕፃን በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ ብቻ ቢሰጠው፥ የዳዊቱ ዝምታ በሌላ ልብስ ተመልሶ ይመጣል፤ ያውም ያለ አቡጊዳው ጥንቃቄ፥ ያለ ድግሱ ክብር። በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ መወሰኑ ይህን በማሰብ ነው።

እንግዲህ ለልጁ መጽሐፍ የሚመርጥ ሰው ከሁለቱም ወገን ሊማር ይችላል። ከንባብ ቤት የሚማረው ይህ ነው፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ ልጁ ጀምሮ የሚጨርሰው ይሁን፤ ቀጣዩ መጽሐፍ የፊተኛውን ቃል ይዞ ትንሽ ይጨምር፤ ልጁ በቃል የያዘውን በእውነት ማወቁ እንደ አቡጊዳው ተራውን በመለዋወጥ ይታይ፤ ያነበበውንም ለታናሹ ያንብብ። ከመጽሐፍ ቤት የሚማረው ደግሞ ይህ ነው፤ ልጁ በሚሰማው ቋንቋ የተጻፈ፥ «ይህስ ስለ ምን ሆነ?» የሚያሰኝ መጽሐፍ ይመረጥ፤ በጠየቀም ጊዜ በዚያው ቀን ይመለስለት። መልሱን የማያውቅ አባት ቢኖር ከልጁ ጋር ይፈልገው እንጂ ልጁን አይገሥጸው። ለልጅ የ«አንድም» ትምህርት የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው።

በ1880 ዓ.ም ደርቡሾች ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ከተማይቱ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት አጥታለች። የቁስቋም ቤተ መንግሥትም ዛሬ ግንቡ ፈርሶ ይታያል፤ በ1972 ዓ.ም ከፋሲል ግቢ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ነገር ግን ሀሁ፥ አቡጊዳ፥ ፊደለ ሐዋርያ፥ ዳዊት የሚለው ተራ በእሳት አልጠፋም፤ የተጻፈው በብራና ላይ ብቻ ሳይሆን በመምህራን ልብ ላይም ነበርና። ግንብ ሲፈርስ በድንጋይ ይታደሳል። የጠያቂ ሕፃን ልብ የተሰበረ እንደ ሆነ ግን ማደሻው አይገኝም፤ ስለዚህ ለሕፃን የመጀመሪያ መጽሐፍ የሚመርጥ ሰው ሥራውን እንደ ታናሽ ሥራ አይቍጠረው።