የሚንቀጠቀጠው ወንበርና የገተረው ጡንቻ

በፓሪሱ የሳልፔትሪየር ሆስፒታል ይሠራ የነበረው የነርቭ ሐኪም ዣን ማርታን ሻርኮ፣ የፓርኪንሰን ሕሙማን በባቡርና በሠረገላ ረጅም መንገድ ከተጓዙ በኋላ ሕመሙ ቀለል እንደሚላቸው ሲናገሩ ሰማ። ስለዚህ የሚንቀጠቀጥ ወንበር አሠርቶ፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1892 ለተማሪዎቹ ገለጸ። በዓመቱ በመሞቱ ግን ምርምሩ በእርሱ እጅ አልገፋም።

ንዝረት በጡንቻ ላይ የሚያደርሰው ለውጥ በሚገባ የተመረመረው ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በስዊድን ኡፕሳላ ሀግባርትና ኤክሉንድ፣ ጅማት ላይ ንዝረት ሲደረግ ጡንቻው ቀስ በቀስ እንደሚኮማተር አሳዩ። በዚያው ዓመት በአውስትራሊያ ላንስና ባልደረቦቹ ደግሞ ንዝረቱ በሚሰጥበት ጊዜ በመዶሻ የሚቀሰቀሰው የጅማት ሪፍሌክስ እንደሚደክም አስታወቁ። ነገሩ እንቆቅልሽ ይመስላል፤ አንዱ ንዝረት ጡንቻውን ያኮማትራል፣ ሪፍሌክሱን ግን ያፍናል። መልሱ ያለው በህብለ ሰረሰር ውስጥ ነው። ከጡንቻው የሚነሣው የስሜት ነርቭ መልእክቱን ከማስተላለፉ በፊት ጫፉ ላይ ይገታል።

ህብለ ሰረሰሩ በተጎዳ ሰው ላይ የሚላላው አንዱ ነገር ይኸው መግቻ ነው። ከአንጎል የሚወርደው ቁጥጥር ሲቋረጥ እግር ይገትራል፣ በትንሽ ንክኪ ይንፈራገጣል፣ እንቅልፍ ይነሣል። በማያሚ ኔስና ፊልድ ፎት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ ጉዳቱ የቆየባቸው 16 ሰዎች በሴኮንድ 50 ጊዜ በሚነዝር መድረክ ላይ ቆመው በሳምንት ሦስት ቀን ለአራት ሳምንታት ሠለጠኑ። የጭናቸው የፊት ጡንቻ ግትርነት ቀነሰ፤ ለውጡም ቢያንስ ስምንት ቀን ቆየ።

ይሁንና መለኪያው የተወሰደው በእነዚያው ሰዎች ላይ ከሥልጠናው በፊትና በኋላ ነበር። የዚህ ዓይነቱ መለኪያ ድክመት በራሱ በሻርኮ ወንበር ታሪክ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የቺካጎ ተመራማሪዎች በሚነዝርና በማይነዝር ወንበር ላይ የተቀመጡ የፓርኪንሰን ሕሙማንን ሲያነጻጽሩ፣ ሁለቱም ወገኖች ተሻሻሉ፤ በመካከላቸው ግን ልዩነት አልተገኘም።

ግትርነት ሁልጊዜ ጠላት አለመሆኑም ሊዘነጋ አይገባም፤ አንዳንዱ ሕመምተኛ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር የሚሻገረው በገተረው እግሩ ተደግፎ ነው። በሌላ በኩል አጥንቱ የሳሳ ሰው ሊሰበር ይችላል። ጉዳቱ ከስድስተኛው የደረት አከርካሪ በላይ በሆነ ሰው ላይም ኃይለኛ ቅስቀሳ የደም ግፊቱን በድንገት ሊያንረው ስለሚችል፣ ሕክምናው የሚሰጠው ግፊቱ እየተለካ ነው።