ማካሌ (ሰርጓጅ መርከብ)

ማካሌ ስሙን ከመቀሌ ከተማ የወሰደ የጣሊያን ባሕር ኃይል ሰርጓጅ የጦር መርከብ ነበር። ላ ስፔዚያ ላይ ተሠርቶ በ1929 ዓ.ም. ባሕር ላይ ዋለ። «አድዋ» የተባለው ምድቡ 17 መርከቦች የነበሩት ሲሆን፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ነጌሌና አክሱም የተባሉትም በዚሁ ምድብ ውስጥ ይገኙ ነበር።

አደጋው፦ ጣሊያን ጦርነት ባወጀችበት ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ ፖርት ሱዳን አቅጣጫ ተጓዘ። ሰኔ 8 ሌሊት ባር ሙሳ ከቢር ከተባለች ሰው አልባ ደሴት ዓለት ጋር ተላትሞ ቆመ፤ ኋላም ተንሸራቶ ሰጠመ። ጥቂት መርከበኞች በትንሽ ጀልባ ቀዝፈው ጣሊያን ወደያዘችው ጠረፍ በመድረስ የድረሱልን ጥሪ አሰሙ። ጉሊየልሞቲ የተባለው ሰርጓጅ ሰኔ 15 የተረፉትን አነሣ፤ አንድ መርከበኛ ግን ደሴቲቱ ላይ ሞቶ ነበር።

የመንስኤ ግምቶች፦ የጠላት ጥቃት አልነበረም። አንደኛው ግምት የአቅጣጫ ስሕተት ነው፤ ሰማዩ ዳምኖ ስለነበር በከዋክብት ቦታን መለየት አልተቻለም። ሁለተኛው መመረዝ ነው፤ ለአየር ማቀዝቀዣ የሚያገለግለው ሜቲል ክሎራይድ ቀለም የሌለው፣ ሽታው እምብዛም የማይታወቅ ጋዝ ሲሆን፣ ሾልኮ ሲወጣ አእምሮን ያደነዝዛል፣ ያስቃዣልም። በዚያው ወር አርኪሜዴ በተባለው ሰርጓጅ ላይ አራት መርከበኞች በዚህ ጋዝ መሞታቸው፣ ፔርላ የተባለው ሰርጓጅም ሠራተኞቹ ተመርዘው ከባሕር ዳርቻ ጋር መላተሙ ሁለተኛውን ግምት ያጠናክራል። የተመረዘ መርከበኛ ስሌት ሊስት ስለሚችል ሁለቱ ግምቶች አይጣረሱም።