ኮቶሌት በፍኖተ ሰላም

ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ አውቶቡስ ማልዶ ከተነሣ፣ ቡሬን አልፎ ፍኖተ ሰላም ሲደርስ የምሳ ሰዓት ይሆናል። ባንድ የፍስክ ማክሰኞ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ እዚያው ቆመና ከመንገዱ ዳር ወዳለ ምግብ ቤት ገባን። አስተናጋጇ ያለውን በቃሏ ደረደረችው፤ ጥብስ፣ ቅቅል፣ ሽሮ፣ ፓስታ፣ ቢስቴካ፣ ኮቶሌት። ኮቶሌት አዘዝኩ። ቡሬ ላይ የተሳፈሩና አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝ።

«ምን አልካት ልጄ?»

«ኮቶሌት ነው አባባ።»

«እሱማ የጣልያን አይደል? ታዲያ ያባረርነው ምግቡን ልንበላለት ኖሯል?» ብለው ሳቁ። አባታቸው አርበኛ ነበሩና ሳቃቸው ሙሉ አልነበረም።

መልስ አጣሁ። ለመሆኑ ኮቶሌት የማን ነው? ጥያቄው ከዚያ ምሳ በኋላም አልለቀቀኝም።

አሠራሩን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር እንዲህ ነው። ከጭን ወይም ከሽንጥ የተገኘ ቀይ ሥጋ በስሱ ይቆረጥና በእንጨት መዶሻ፣ እሱም ከሌለ በቢላዋ ጀርባ፣ እስኪሳሳ ይደበደባል። ጨውና ቁንዶ በርበሬ ይነሰነስበታል። መጀመሪያ ፉርኖ ዱቄት ይነካል፤ ቀጥሎ በተመታ እንቁላል ይነከራል፤ በመጨረሻም የደረቀ የዳቦ ፍርፋሪ ይለብሳል። ከዚያ በጋለ ዘይት ሁለቱም ጎኑ ወርቅማ እስኪመስል ይጠበሳል። ሁሉም ነገር ምክንያት አለው። ድብደባው የሥጋውን ክር ይሰብራል፤ ዱቄቱ እንቁላሉን፣ እንቁላሉ ደግሞ ፍርፋሪውን ይይዛል፤ ፍርፋሪው ሥጋው እንዳይደርቅ ከእሳቱ ይከልለዋል። ዘይቱ በቅጡ ሳይግል ከተጣደ ግን ሽፋኑ ዘይት ይጠጣና ምግቡ ይበላሻል።

ይህ ምግብ በአሜሪካ፣ በተለይም በቴክሳስና በኦክላሆማ፣ የቅርብ ዘመድ አለው። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «እንደ ዶሮ የተጠበሰ ስቴክ» ማለት ነው። ዶሮ ግን በውስጡ የለም። የበሬ ሥጋ ሆኖ ሳለ ስሙን ያገኘው ዶሮ በሚጠበስበት መንገድ በዱቄትና በእንቁላል ተሸፍኖ ስለሚጠበስ ነው። በዳቦ ፍርፋሪ ፈንታ ዱቄቱ ይደገምበታል። ሥጋው ከወጣ በኋላ በመጥበሻው የቀረው ስብ ከዱቄትና ከወተት ጋር ይማሰልና፣ ቁንዶ በርበሬ በዝቶበት፣ ነጭ መረቅ ሆኖ ይፈስስበታል። ብዙዎች እንደሚሉት፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ ቴክሳስ የፈለሱ ጀርመኖችና ኦስትሪያውያን የአገራቸውን ሽኒትዘል በአዲሱ አገር ሲሠሩ የተገኘ ምግብ ነው። በአገራቸው የሚያውቁት ለስላሳ የጥጃ ሥጋ ነበር፤ በቴክሳስ ያገኙት ርካሹንና ጠንካራውን የከብት ሥጋ ነው። ስለዚህ ደበደቡት። ኦክላሆማ በ1988 እ.ኤ.አ. የክፍለ ግዛቱ ይፋ ማዕድ ብላ ከመዘገበቻቸው ምግቦች ውስጥ ይኸው አንዱ ነው።

ሽኒትዘልስ የማን ነው? እዚህም ላይ ክርክር አለ። የሚላኖ ሰዎች ከ1134 እ.ኤ.አ. የተገኘ አንድ የግብዣ መዝገብ እየጠቀሱ «የኛ ነው» ይላሉ። ሎምባርዲ እስከ 1859 እ.ኤ.አ. በኦስትሪያ እጅ ስለነበረች፣ ማርሻል ራዴትስኪ የሚላኖን ኮቶሌት ቀምሶ ወደ ቪየና በደብዳቤ እንደጻፈ የሚተረክ ወሬም አለ። ደብዳቤው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከሁሉ የሚያስቀው የቃሉ ነገር ነው። ጣልያኖች ቃሉን የወሰዱት ከፈረንሳይኛ ሲሆን ትርጉሙ «ትንሽ ጎድን» ነው። ፍኖተ ሰላም የቀረበልኝ ግን ጎድን ቀርቶ አንድም አጥንት አልነበረበትም። አሜሪካኖቹ ዶሮ የሌለበት ዶሮ ይበላሉ፤ እኛም ጎድን የሌለበት ጎድን እንበላለን።

አሁን ወደ ጎጃም እንመለስ። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አገሩን ሲይዝ ዳንግላን፣ ቡሬን፣ ደምበጫንና ደብረ ማርቆስን ምሽግ አደረጋቸው። ከምሽጉ ውጭ ያለው ገጠር ግን የአርበኞች ነበር። መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ በላይ ዘለቀና ሌሎችም በየአቅጣጫው ጠላትን አላስቀምጥ አሉት። በ1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን በኩል ሲመለሱ፣ በዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ከአርበኞች ጋር ቡሬን አስጨነቀ። የካቲት 25 ቀን ኮሎኔል ናታሌ ቡሬን ለቅቆ ወደ ደምበጫ አፈገፈገ። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። ቀድሞ ወጀት ይባል የነበረው ከተማ ፍኖተ ሰላም፣ የሰላም መንገድ፣ የተባለው በዚያ ዘመን በንጉሠ ነገሥቱ እንደሆነ አገሬው ይናገራል።

ጦሩ ወጣ፤ ቃላቱ ግን ቀሩ። ሾፌራችን ማርሽና ካምቢዮ ሲል፣ ጋጋሪው ፉርኖ ሲል፣ አስተናጋጇ ቢስቴካና ሳልሳ ስትል የሚናገሩት የጣልያንን ቋንቋ ነው። ጣልያኖቹም ሁሉም አልሄዱም፤ መካኒክና ግንበኛ፣ ባለ ሆቴልም ሆነው የቀሩ ነበሩ። በከተማው ሆቴሎች ጓዳ የሠለጠኑት ኢትዮጵያውያን ወጥ ቤቶች ሙያውን ለሌላው አስተማሩ። የአውራ ጎዳናው ሆቴልም ከተማውን መምሰል ይወዳልና ኮቶሌት ከአውቶቡሱ ጋር ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጣ።

ጎጃምስ እጁን አጣጥፎ ተቀበለው? አይደለም። ዓመታት ያረሰ በሬ ሥጋው እንደሚጠነክር የጎጃም ገበሬ ከቴክሳሱ ሠፋሪ ያነሰ አያውቅም፤ መልሱም የራሱ ነበር። በወጥ ቀስ እያለ ያበስለዋል፤ ዘልዝሎ ቋንጣ ያደርገዋል፤ ለጥሬው ደግሞ ለስላሳውን ብልት ይመርጣል። ኮቶሌት ሲመጣም ዘይት ለጎጃም እንግዳ አልነበረም፤ አገሩ የኑግ አገር ነው። በ2013 ዓ.ም. ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካ የተመረቀውም እዚያው ቡሬ ነው። ቴክሳስ ውስጥ በአሳማ ስብ ይጠበስ የነበረው ምግብ እዚህ በዘይት ይጠበሳል፤ ረቡዕና ዓርብ ሲሆን፣ ሁዳዴም ሲገባ፣ ከዝርዝሩ ይወጣል፤ አጠገቡም ሚጥሚጣና ቃሪያ ይቀርባል። ሚላኖ ቢያየው ልጄ ነው ማለቱን እጠራጠራለሁ።

ይህን ሁሉ ያን ዕለት አላውቅም ነበር። ምግቡ ሲቀርብ ከዳር ቆርጬ «ይቅመሱልኝ አባባ» አልኳቸው። እምቢ ብለው፣ ቆይተው፣ በእንጀራ ጠቅልለው ጎረሱ። ዝም ብለው አላመጡት።

«ደኅና አድርገው ደብድበውታል» አሉ በመጨረሻ። «አባቴ ቢያዩት ደስ ባላቸው።»

ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። የቀረውን እየተሻማን ጨረስንና ወጣን።