ኒው ኦርደር፣ «ብሉ ማንደይ»

ባለ 12 ኢንች ነጠላ ሸክላ ከነሽፋኑ
ፋክትሪ ሬከርድስ፣ ማንቸስተር፤ ማርች 7 ቀን 1983 እ.ኤ.አ.

ሽፋኑን አገላብጡት፤ የባንዱን ስምም ሆነ የዘፈኑን ርዕስ አታገኙም። ስሙ ያለው በቀኝ ጠርዝ በተደረደሩት ባለቀለም ካሬዎች ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ቀለም በፊደልና በቁጥር ምትክ የገባ ሲሆን፣ መፍቻው የታተመው በዚያው ዓመት በወጣው አልበም ጀርባ ላይ ነው። ገዢን እንዲህ ማልፋት ድፍረት ይጠይቃል!

ንድፉን የሠራው ፒተር ሳቪል የኮምፒውተር ፍሎፒ ዲስክ አስመስሎታል፤ የተበሱት ቀዳዳዎችም ለዚሁ ናቸው። የኅትመት ወጪው ከመሸጫው ዋጋ ስለበለጠ ኩባንያው በእያንዳንዱ ቅጂ ይከስር ነበር ይባላል። ወሬው ሳይጋነን አልቀረም፤ በኋላ የታተሙት ግን ቀዳዳ የላቸውም።

ዘፈኑ ሰባት ደቂቃ ተኩል ይወስዳል። ከበሮውን የሚመታው ኦበርሃይም ዲኤምኤክስ የተባለ ማሽን ነው፤ የፒተር ሁክ ቤዝ ጊታር ደግሞ ከላይ ሆኖ ዜማውን ይመራል። አብዛኞቹ የባንዱ አባላት ቀድሞ ጆይ ዲቪዥን የተባለው ባንድ አባላት ነበሩ፤ ድምፃዊው ኢያን ከርቲስ በ1980 ሲሞት ስማቸውን ቀየሩ።

በብሪታንያ ከባለ 12 ኢንች ነጠላ ሸክላዎች ሁሉ በሽያጭ የሚስተካከለው የለም።