ጉባኤ ሲዘጋ ጦር ይናገራል

«የእኛ አገር ሰው ክርክር አያውቅም» የሚሉ ያጋጥሙናል። አንስማማም። በዛፍ ሥር «በላ ልበልሃ» እየተባባለ ሲሟገት የኖረ ሕዝብ ተራ መጠበቅ መቼ ጠፋው? የጎደለን ሌላ ነው። እሱን ለማየት እስቲ ወደ ፎገራ እንውረድ።

ከወረታ ተነሥቶ የርብን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ እንፍራዝን ያገኛል። በ1607 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የነገሠው ዓፄ ሱስንዮስ መጀመሪያ ከከተመባቸው ሥፍራዎች አንዱ፣ ቆጋ፣ በዚሁ በኩል ነበር። በንጉሡ ፊት ክርክር ተከፈተ። ባንድ ወገን እነ ፔድሮ ፓኤዝ፣ ኢየሱሳውያኑ፤ ከነሱም ጋር የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ። በሌላው ወገን ሊቃውንትና መነኮሳት። ክርስቶስ አንድ ባሕርይ ነው ወይስ ሁለት? መጻሕፍት ተገለጡ፤ ተጠየቀ፣ ተመለሰ።

እስከዚህ ደግ ነው። ግን ዳኛው ንጉሡ ነበር፤ ልቡም ወዳንዱ አድልቷል። ክርክሩ በአዋጅ አለቀ፤ አንድ ባሕርይ ብሎ ማስተማር ተከለከለ። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ! ታዲያ አፉ የተዘጋ ሰው ምን ያንሣ? ጦር አነሣ።

በ1617 የንጉሡ አማች ዮልዮስ ሸፈተ፤ አቡነ ስምዖን አብረውት ቆሙ፤ ሁለቱም ሞቱ። በ1626 ሱስንዮስ ለሮማ ፓፓ መገዛቱን በይፋ ማለ። በ1629 ላስታ ተነሣ። በ1632 የላስታ ገበሬ ጦር ሲሸነፍ 8000 ያህል ሰው ወደቀ። የማን ድል ነው? ገዳዩም ሟቹም ያገር ልጅ ነበር። የዘመኑ ጦር ስንቁን የሚያወጣው ከገበሬው ጎተራ ነበርና ለክርክሩ ያልተጠራው ባላገር ለዕዳው ተጠራ።

በዚያው ሰኔ ንጉሡ ማንም በወደደው ሃይማኖት እንዲያድር አዋጅ አስነግሮ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ፋሲለደስስ? ኢየሱሳውያኑን አባረረ፤ አጎቱን ሥዕለ ክርስቶስን አጋዘ። የውጭ እጅ ስለነበረበት ልክ ነው የሚሉ አሉ፤ የውጭ እጅ መኖሩን አንክድም። ነገር ግን የተለወጠው አፉ የሚዘጋው ሰው እንጂ አሠራሩ አልነበረም።

በበላ ልበልሃ የተረታ ውርርዱን ይከፍላል እንጂ ምላሱን አይቆረጥም። ለቤተ መንግሥቱ ጉባኤ የጎደለው ይህ ነው። የረታ ይርታ፤ የተረታው ግን ነገም ቆሞ ይናገር። ያለዚያ ጉባኤው ለጦርነቱ ቀጠሮ መያዣ ነው።