የኢንፍሉዌንዛ ክትባትና አረጋውያን በአዲስ አበባ፦ ንፋስ ስልክ ላፍቶ

የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ምክንያት የሚመጣን ጽኑ ሕመምና ሞት ለመቀነስ በየዓመቱ የሚሰጥ ክትባት ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች በቅድሚያ ሊያገኙት ከሚገባቸው ወገኖች መካከል ናቸው። በኢትዮጵያ ክትባቱ በመንግሥት መደበኛ የክትባት ፕሮግራም ውስጥ አልገባም። በደቡብ አዲስ አበባ በሚገኘው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማም አረጋውያን በስፋት የተከተቡት በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ጊዜ፣ ያውም የኮቪድ-19 ክትባት ነው።

በሽታውና ክትባቱ

ኢንፍሉዌንዛ ከተራ ጉንፋን የከፋ ነው፤ ድንገተኛ ትኩሳት፣ ቁርጥማትና ደረቅ ሳል ያመጣል። በአረጋውያን ላይ ወደ ሳንባ ምች ሊያመራ፣ የልብ፣ የስኳርና የአስም ሕመምንም ሊያባብስ ይችላል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት፣ ከወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ ጋር በተያያዘ የመተንፈሻ አካል ሕመም በዓመት ከ290,000 እስከ 650,000 ሰዎች ይሞታሉ። ቫይረሱ ስለሚለዋወጥ ድርጅቱ በዓመት ሁለት ጊዜ የክትባቱን ይዘት ይከልሳል። በዕድሜ ምክንያት የሰውነት የመከላከል አቅም ስለሚዳከም ክትባቱ በአረጋውያን ላይ እንደ ወጣቶቹ አይሠራም፤ ያም ሆኖ ሆስፒታል የሚያስገባ ሕመምን ይቀንሳል። በክንድ ጡንቻ የሚወጋው ክትባት ሕይወት ያለው ቫይረስ ስለሌለበት ኢንፍሉዌንዛ አያስይዝም።

የኅዳር በሽታ

በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ክፉኛ መታ። ታሪክ ጸሐፊዎች በከተማዋ የሞቱትን ከ5,000 እስከ 10,000 ይገምታሉ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። በዘመኑ ክትባት ቀርቶ የበሽታው መንስኤም በውል አይታወቅም ነበር። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርጎ የማቃጠል ልማድ፣ ኅዳር ሲታጠን፣ ከዚያ መከራ ጋር ተያይዞ ይታወሳል።

የክትባት ፕሮግራሙና አዋቂዎች

በ1972 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የክትባት ፕሮግራም በዋናነት ሕፃናትንና እናቶችን ያገለግላል። በ1995 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ አገሮች በ2002 ዓ.ም. 75 በመቶ አረጋውያንን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት እንዲያዳርሱ ግብ ቢያስቀምጥም፣ ግቡ የተመለከተው ክትባቱ በፕሮግራማቸው ያለ አገሮችን ነበር። ኢትዮጵያ በ2001 ዓ.ም. የኢንፍሉዌንዛ ቅኝት ጀመረች፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ኤች1ኤን1 የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ወደ አገሪቱ መግባቱ ተረጋገጠ። ቅኝቱ የሚዘዋወረውን ቫይረስ ለማወቅ ያስችላል፤ ክትባት ግን አይተካም።

ኮቪድ-19

የመጀመሪያው ታማሚ በኢትዮጵያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ልክ በዓመቱ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ኮቫክስ በተባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ማዳረሻ መርሐ ግብር በኩል በመጣው የአስትራዜኔካ ክትባት ዘመቻው ተጀመረ፤ በቅድሚያ ለጤና ባለሙያዎች፣ ቀጥሎም ለአረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው። ይህን ክትባት ታመርት የነበረችው ሕንድ ወደ ውጭ መላክ ስታቆም የአገሮች አቅርቦት ተስተጓጎለ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ዘመቻው ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሁሉ ተስፋፋ። በሪፖርት የተመዘገበው የኮቪድ-19 ሞት በኢትዮጵያ ከ7,500 በላይ ነው።

ወረርሽኙ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በሚሰጥባቸው አገሮች አረጋውያን ለዚሁ ክትባት ያላቸውን ፍላጎት ከፍ አድርጓል። በእንግሊዝ 65 ዓመት ከሞላቸው ሰዎች መካከል የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የወሰዱት እ.ኤ.አ. በ2019/20 ወቅት 72.4 በመቶ ሲሆኑ፣ በ2020/21 ወደ 80.9 በመቶ አድገዋል፤ በኋላ ግን ቁጥሩ ቀንሷል።

ንፋስ ስልክ ላፍቶ

ክፍለ ከተማው ሳሪስን፣ ጎፋን፣ መካኒሳን፣ ጀሞን፣ ለቡንና ሐና ማርያምን ያቅፋል። ነባር ሰፈሮችና አዳዲስ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ጎን ለጎን የሚገኙበት ነው። በጀሞ አሳንሰር በሌላቸው ኮንዶሚኒየሞች አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ጉልበታቸው የደከመ እናት ጤና ጣቢያ ለመድረስ ደረጃውን ወርደው፣ ታክሲ ተሳፍረው፣ ወረፋ ጠብቀው፣ ተመልሰው መውጣት አለባቸው። ለእንደዚህ ያሉ ሰዎች ክትባት በጤና ጣቢያ መኖሩ ብቻ አይበቃም። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት መጎብኘት፣ የዕድር ዳኞች ማስታወቅ፣ የሃይማኖት አባቶች ማበረታታትና የልጆች ድጋፍ ወሳኝ ናቸው።

የሚቀረው ሥራ

ኮቪድ-19 አዋቂን የመከተብ ልምድ ትቶ አልፏል፤ በካርድ መመዝገብ፣ ክትባቱን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ማቆየት፣ ከተወጉ በኋላ ለአጭር ጊዜ መከታተል። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ግን በየዓመቱ ስለሚደገም ቋሚ በጀትና የአቅርቦት ሰንሰለት ይፈልጋል። አረጋውያን መከተብ አይወዱም ብሎ ከመፍረድ በፊት ክትባቱ በቅርባቸው፣ በአቅማቸውና በየዓመቱ መቅረብ ይኖርበታል።